35 ከየት መጣ?

ዛሬ እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት አጠገባችሁ ቢኖር ደግ ነው። ሒሳብን ያለ ሰሌዳ በሬዲዮ ማስረዳት ቀላል ስላልሆነ ቁጥሮቹን ደጋግሜ እጠራላችኋለሁ። መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙን ግን አደራ፣ ለእናንተ ማዳመጡ ይበቃል።

በሉ ጻፉ። 52 ሲቀነስ 27። ሃምሳ ሁለት ከላይ፣ ሃያ ሰባት ከሥሩ። መልሱ 25 ነው።

አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ግን 35 ብላ ጻፈች እንበል። አብሯት ዴስክ ላይ የተቀመጠው ልጅም 35 ብሏል። መምህሯ ደብተር እያረሙ ሲዞሩ ሁለቱንም አዩ፤ ሁለቱም ላይ በቀይ ኤክስ አደረጉና አለፉ። በልባቸውም "አንዱ ካንዱ ኮርጇል" ሳይሉ አልቀሩም።

መምህሯ ቆም ብለው ልጅቷን "እስቲ እንዴት እንደሠራሽው ንገሪኝ" ቢሏት ምን ትል ነበር? ይህን፦ "ቲቸር፣ ከሁለት ላይ ሰባት አይቀነስም። ስለዚህ ከሰባት ላይ ሁለት ቀነስኩ፤ አምስት። ከአምስት ላይ ደግሞ ሁለት ሲቀነስ ሦስት። ሠላሳ አምስት።"

ልጁስ? "ከሁለት ላይ ሰባት ስለማይቀነስ ከጎን ተበደርኩ፤ አሥራ ሁለት ሆነ። አሥራ ሁለት ሲቀነስ ሰባት አምስት። ከዚያ አምስት ሲቀነስ ሁለት ሦስት። ሠላሳ አምስት።"

ኩረጃ የለም። ሁለቱም የየራሳቸውን አስበው ሠርተዋል። ልጅቷ መበደር የሚባለውን ነገር ገና አልያዘችውም፤ የያዘችው ሕግ "ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንስ" የሚል ነው። ይህንንም ከራሷ አልፈጠረችው፤ አንደኛ ክፍል ሳለች "ከትንሽ ቁጥር ላይ ትልቅ ቁጥር አይቀነስም" የተባለችውን አምና ነው። ልጁ በአንጻሩ መበደርን ያውቃል። የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምስቱ አንድ ስላበደረ አራት መሆን ነበረበት፣ እሱ ግን አምስት አድርጎ ተወው። ትኩሳት ያለው ሁሉ ወባ እንዳልያዘው ሁሉ፣ 35 ያለ ሁሉም ሕመሙ አንድ አይደለም። ያው ቀይ ኤክስ ግን ለሁለቱም ደረሳቸው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አሁን ደግሞ 58 ሲቀነስ 23 ብላችሁ ጻፉ። ልጅቷ በራሷ ሕግ ስትሠራው 35 ታገኛለች፤ ልክ ነው። ልጁም 35፤ ልክ ነው። መምህሯ መበደር የማይጠይቁ አሥር ጥያቄዎች ቢሰጡ ሁለቱም አሥር ከአሥር ያገኛሉ፣ "ጎበዝ" ይባላሉ፣ ያ ሕግም በልጅቷ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ራይት የተደረገ ደብተር ሁሉ የገባው ልጅ ደብተር አይደለም ማለት ነው። እኔን ከኤክሱ ይልቅ የሚያሰጋኝ እንዲያውም ይኸኛው ነው።

ለመሆኑ መምህሯ ሁለቱን ልጆች አንድ በአንድ ለመጠየቅ ጊዜ ባይኖራቸውስ? ቁጥር መምረጥ ይችላሉ። 60 ሲቀነስ 24 ይስጧቸው። ትክክለኛው መልስ 36 ነው። ልጅቷ "ከአራት ላይ ዜሮ ሲቀነስ አራት፣ ከስድስት ላይ ሁለት ሲቀነስ አራት" ብላ 44 ትላለች። ልጁ "አሥር ሲቀነስ አራት ስድስት፣ ስድስት ሲቀነስ ሁለት አራት" ብሎ 46 ይላል። ወዲያው ተለዩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ያልለያቸው ሁለትና ሰባት በአምስት ስለሚበላለጡ ነው፤ ሰባት ሲቀነስ ሁለትም አምስት፣ አሥራ ሁለት ሲቀነስ ሰባትም አምስት። መጽሐፍ አዘጋጆች ይህን አስበውበት ይሁን አይሁን በየጥያቄው ማወቅ አይቻልም፤ መምህሩ ግን አንዴ ካየው በኋላ አንዲት ቁጥር ለውጦ የልጆቹን ሐሳብ መለየት ይችላል።

እንዲህ ያሉ ስህተቶች በዘፈቀደ የሚመጡ አለመሆናቸውን በጥንቃቄ ካሳዩት መካከል ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት፣ ልጆች በመቀነስ ላይ የሚሠሩት ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሥርዓት እንዳለው አስረዱ። ልጁ ሕግ አለው፤ ሕጉን ሳያዛንፍ ይከተላል፤ የተበላሸው ሕጉ ራሱ ነው። ሐሳባቸውን ይዘው ባጊ የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታም ሠሩ። ኮምፒውተሩ እንደ ተማሪ ሆኖ በአንድ የተበላሸ ሕግ እየሠራ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ የሚጫወተው ሰው የተለያዩ ጥያቄዎችን እያቀረበ ሕጉ ምን እንደሆነ ማግኘት አለበት። ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ሰዎች ተጫውተውታል። ይህን ጨዋታ ያለ ኮምፒውተር በሰሌዳ ላይ መጫወት የሚከለክለን ነገር የለም፤ አንዱ መምህር ተማሪ ሆኖ ይሳሳታል፣ ሌሎቹ የተበላሸውን ሕግ ይፈልጋሉ።

እሺ፣ ስህተቱ ታወቀ። ቀጥሎስ? ብዙዎቻችን እዚህ ላይ የምናደርገው ያንኑ ትምህርት በአዲስ ድምፅ መድገም ነው። ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ቀስ ብለን፣ "ተ-በ-ደ-ሪ!" እንላለን። አንዳንዴም እርሳሱን ከልጁ እጅ ነጥቀን ራሳችን እንሠራለታለን፤ ልጁ ራሱን ይነቀንቃል፤ "ገባህ?" "ገባኝ ቲቸር።"

ልጅቷን ሌላ መንገድ መሞከር ይቻላል። አምስት ባለ አሥር ብር ኖቶችና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች በእጇ ይሰጧት፤ እውነተኛ ብር ባይኖር ወረቀት ተቆርጦ ቢጻፍበትም ይሆናል። "ሃያ ሰባት ብር ክፈይኝ" ይበሏት። ሁለት አሥሮች ታወጣለች። ሰባት ብር ስትፈልግ ያሏት ሁለት ሳንቲሞች ናቸው። የሱቅ ልጅ ከሆነች ጥያቄው ለእሷ ምንም አይደለም፤ አንዷን አሥር ዘርዝሩልኝ ትላለች። ዘርዝራ ትከፍላለች፣ እጇ ላይ የቀረውን ትቆጥራለች፤ 25። ያን ጊዜ ደብተሯን ጎን ለጎን አድርጎ "እዚህ 35 ብለሻል፣ እጅሽ ላይ ደግሞ 25 አለ። የቱ ነው?" ብሎ ዝም ማለት ነው። ይህን ዝምታ መቻል ለመምህር ከባድ ነው፤ አምስት ሰከንድ እንኳ ረጅም ይሆንብናል።

ለልጁ ደግሞ ብሩ አያስፈልገው ይሆናል። እሱን "35 ላይ 27 ደምርበት እስቲ" ማለት ይበቃል። 62 ያገኛል። የጀመረው ግን ከ52 ነው። "አሥሯ ከየት መጣች?" ሲባል አንዷን አሥር ሁለት ጊዜ እንደተጠቀመባት ራሱ ይደርስበታል። ይህችኑ ጥያቄ ልጅቷ ብትጠየቅ ስህተት መኖሩን ታውቃለች፤ ምክንያቱን ግን ጥያቄዋ አትነግራትም። ስለዚህ መልሱ አንድ ቢሆንም ምላሹ አንድ አይሆንም።

አድማጮች፣ ልጆች የሚያስቡትን ሳይጠይቁ መልስ ብቻ ማረም የት ድረስ እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ስታንሊ ኤርልዋንገር የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አነጋገረ። ልጁ 12 ዓመቱ ነበር፤ በጥናቱ ላይ ቤኒ ብሎ ይጠራዋል። ቤኒ የሚማርበት ፕሮግራም እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት የሚያነብበት፣ ፈተናውን የሚወስድበት፣ መልሱ ከመልስ ቁልፉ ጋር እየተመሳከረ የሚታረምበት ነበር። ቤኒ በሒሳብ ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ተብሎ ይቆጠር ነበር፤ ፈተናዎቹን እያለፈ ነበርና። ኤርልዋንገር ቁጭ ብሎ ሲያነጋግረው ግን ሁለት አሥረኛ በአሥርዮሽ ስንት ነው ሲባል 1.2 አለ። ለምን? ከላይ ሁለት፣ ከታች አሥር፤ ሲደመሩ 12፤ ነጥብ ይገባበታል፤ 1.2። አምስት አሥረኛስ? 1.5። አራት አሥራ አንደኛም 1.5፣ አሥራ አንድ አራተኛም 1.5። ሁለቱ እኩል መሆናቸው ቤኒን አላስደነቀውም።

ከዚህ የባሰው ቤኒ ስለ ሒሳብ የነበረው እምነት ነው። የመልስ ቁልፉ ላይ ያለው አንድ መልስ ብቻ እንደሆነ፣ እሱ የጻፈው መልስ በሌላ መልክ ልክ ሆኖ ሳለ ኤክስ እንደሚደረግበት አይቷል። ስለዚህ ሒሳብ ማለት በየቦታው የተለያዩ ሰዎች ያወጧቸው ሕጎች ስብስብ ነው ብሎ ደመደመ፤ ሥራው ደግሞ ከመልስ ቁልፉ ጋር የሚገጥመውን ሕግ ማደን። እኔ ቤኒ አላዋቂ ነው አልልም። ባየው ነገር ላይ ተነሥቶ በደንብ አስቧል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ "እንዴት አገኘኸው?" ብሎ የጠየቀው ያለ አይመስልም እንጂ።

አሁን ከአሜሪካ ወደ ብራዚል እንሂድ፤ ወደ ረሲፌ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1985 ቴሬዚንያ ኑኔስ፣ አናሉሲያ ሽሊማንና ዴቪድ ካራኸር ያወጡት ጥናት በየመንገዱ ኮኮናት፣ ፋንዲሻና የመሳሰለውን የሚሸጡ አምስት ልጆችን ይመለከታል፤ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ነው። ተመራማሪዎቹ ደንበኛ መስለው እየገዙ ሒሳብ ይጠይቋቸው ነበር። ልጆቹ ከመቶ 98 ገደማ ልክ መለሱ። በኋላ እነዚያኑ ስሌቶች በወረቀትና በእርሳስ፣ ቁጥሮቹን ብቻ አድርገው ሲሰጧቸው ከመቶ 37 ገደማ ወረዱ።

ከነዚህ ውስጥ አንዱ የ12 ዓመት ልጅ ነው። አንድ ኮኮናት በ35 ክሩዜሮ ይሸጣል። አራት ኮኮናት ስንት ነው ሲባል ሦስቱ 105 መሆኑን ከሥራው ያውቀዋል፤ በላዩ ሠላሳ ጨምሮ 135 አለ፣ የቀረችውን አምስት ጨምሮ 140። በኋላ 35 ሲባዛ በ4 ብለው ወረቀት ሰጡት። "አራት ጊዜ አምስት ሃያ፣ ሁለት በእጄ። ሁለትና ሦስት አምስት፣ አምስት ጊዜ አራት ሃያ።" የጻፈው መልስ 200 ነበር። እጁ ላይ የያዘውን ሁለት ማባዛቱን ከጨረሰ በኋላ መደመር ሲገባው አስቀድሞ ደመረው። ደንበኛውን 200 ቢጠይቅ ኖሮ ገበያ እንደሚያጣ የሚያውቅ ልጅ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን 200 አላስደነገጠውም።

ይህን ለማየት ረሲፌ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ የ65 ብር ዕቃ ሸጦላችሁ መቶ ብር ስትሰጡት እንዴት መልስ እንደሚሰጣችሁ ልብ በሉ። "ሰባ" ይላል አምስት ብር እየሰጠ፤ "ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ" ይላል አሥር አሥር እየጨመረ። አልቀነሰም፤ ወደ ላይ ቆጠረ። ያው ልጅ ከሰዓት በኋላ ክፍል ሲገባ 100 ሲቀነስ 65 በሁለት ዜሮዎች ላይ መበደርን ይጠይቀዋል፤ እዚያ ይጠፋበታል። መምህሩ "መልስ ስትሰጥ እንዴት ነው የምታደርገው? እሱን እዚህ አሳየኝ" ቢለው ልጁ የያዘው ዘዴ ትክክለኛ ሒሳብ እንደሆነ ይነገረዋል፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ማሸጋገር ይቀላል።

ልጆች በራሳቸው ዘዴ እንዴት እንደሚያሰሉ በስፋት ካጠኑት መካከል በማዲሰን ከተማ የሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ቶማስ ካርፐንተርና ኤሊዛቤት ፈኔማ ከነባልደረቦቻቸው ይጠቀሳሉ። የሠሩትን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ለመምህራን አዲስ መጽሐፍም፣ የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድም አልሰጧቸውም። የሰጧቸው ዕውቀት ልጆች እንዴት እንደሚያስቡ ነው። ለምሳሌ ይህን ጥያቄ ውሰዱ፦ አንዲት ልጅ አምስት ብርቱካን አላት፤ አሥራ ሦስት እንዲኖራት ስንት ያስፈልጋታል? እኛ ትልልቆቹ "ይህ መቀነስ ነው፤ 13 ሲቀነስ 5" እንላለን። ትንሽ ልጅ ግን አይቀንስም። አምስት ጠጠር ያስቀምጣል፣ አሥራ ሦስት እስኪሞላ ይጨምራል፣ የጨመረውን ይቆጥራል። ትንሽ ሲያድግ ጠጠሩን ይተውና በጣቱ "ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት" እያለ ይወጣል። ከዚያም "አምስትና አምስት አሥር ነው፣ ሦስት ሲጨመር አሥራ ሦስት፤ ስለዚህ ስምንት" ማለት ይጀምራል። በጣት መቁጠር የስንፍና ምልክት ሳይሆን ወደዚህ የሚያደርስ መንገድ ነው። ጣት ቆጠርክ ብሎ በማስመሪያ የሚመታ ካለ ይህን ልብ ይበልልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት 40 የአንደኛ ክፍል መምህራን ተሳትፈዋል፤ ግማሾቹ በክረምት ይህን ሥልጠና ወስደዋል። የሠለጠኑት መምህራን እንደ ብርቱካኑ ያሉ የቃላት ጥያቄዎችን አብዝተው፣ የመደመርና የመቀነስ ሽምደዳን ቀንሰው አስተማሩ። አንድ መምህር ሊፈራ የሚችለው ልጆቹ ሽምደዳው ላይ ወደ ኋላ ይቀራሉ ብሎ ነው። አልቀሩም፤ በዚያም ቢሆን በልጠው ተገኙ። ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የቃላት ጥያቄ ሲሠሩ የቆዩ 70 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ፈተኑ። ከዘጠኙ ጥያቄዎች ውስጥ ማባዛትና ማካፈል የሚጠይቁም ነበሩ። 32ቱ ልጆች ዘጠኙንም በሚያስኬድ ዘዴ ሠሩ።

እዚህ ላይ መምህራን የምትሰሙኝ "እኔ ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ልጆቼ እንዴት እንደሚያስቡ አላውቅም እንዴ?" ልትሉ ትችላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቪክቶሪያ ጄኮብስ፣ ሊሳ ላምና ራንዶልፍ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ መርምረዋል። ገና የሚሠለጥኑ ዕጩ መምህራንንና በሥራ ላይ የቆዩትን ጨምሮ 131 ሰዎች የልጆችን ሥራ ተመልክተው ሦስት ነገር እንዲናገሩ ጠየቋቸው፦ ልጁ ምን አደረገ? ከዚህ ምን እንደገባው መረዳት ይቻላል? ቀጥሎስ ምን ትጠይቀዋለህ? የማስተማር ልምድ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ረድቷል። ለሦስተኛው ግን ልምድ ብቻውን አልበቃም፤ በጉዳዩ ላይ ለዓመታት አብረው የሠለጠኑት ነበሩ የተሻሉት። እኔ በዚህ አልገረምም። የልጁን ሐሳብ ተረድቶ፣ ከዚያ ሐሳብ ላይ የምትነሣ ጥያቄ በቅጽበት ማውጣት በኔ ግምት ከማስተማር ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው።

ከባድ ብቻ አይደለም፤ ድፍረትም ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1990 በሚሺጋን፣ ዴቦራ ቦል የተባለች መምህርት የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ስታስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ስድስት ጎዶሎም ሙሉም ሊሆን ይችላል አለ። ሙሉ ስል መጽሐፉ ተጋማሽ የሚለውን ነው። ምክንያቱን ሲናገር ስድስት በሦስት ጥንዶች የተሠራ ነው፤ ሦስት ደግሞ ጎዶሎ ነው አለ። ብዙዎቻችን "አይደለም፤ ስድስት ሙሉ ነው፣ ተቀመጥ" እንል ነበር። ቦል ለክፍሉ ሰጠችው። አንዲት ልጅ ወደ ሰሌዳው ወጥታ፣ እንደሱ ከሆነ አሥርም አምስት ጥንድ ስለሆነ ጎዶሎም ሙሉም ሊባል ነው ብላ ተከራከረች፤ ሐሳቡን ልታፈርስ ነበር አወጣጧ። ልጁ ግን አመስግኗት፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ አሥርም ይጨመርልኝ አለ!

ክፍሉ ሙሉ ቁጥር ማለት ምን እንደሆነ በትክክል ለመበየን ተገደደ። የልጁ ግኝትም አልተጣለም። ሁለት፣ ስድስት፣ አሥር፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ስምንት፤ እነዚህ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ጥንዶች ናቸው፤ ልጆቹም በየአራት እንደሚመጡ አዩ። ቦል በጽሑፏ ለልጁ በሰጠችው ስም "የሾን ቁጥሮች" ተባሉ። የሚገርመው፣ የግሪኩ ኤውክሊድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በሰባተኛው መጽሐፉ ለእንዲህ ዓይነት ቁጥሮች የራሳቸውን ስም ሰጥቷቸው ነበር። ልጁ ኤውክሊድን አላነበበም።

ቦል የዚያን ቀን ክፍለ ጊዜዋን "አባከነች" የሚሉ አሉ። ምዕራፍ መሸፈን ያለባት መምህርት ናትና ክርክሩ ተገቢ ነው። የኔ ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ ያ ክፍል ስለ ተጋማሽ ቁጥር ብያኔ ያወቀውን ያህል ብያኔውን ከሰሌዳ የገለበጠ ክፍል አያውቅም።

ወደ አገራችን ክፍል እንመለስ። ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል፣ ዴስክ ላይ ሦስትና አራት ሆነው፣ ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ። "እያንዳንዱን እንዴት አሰብክ እያልኩ ልጠይቅ?" የሚል መምህር እውነቱን ነው። ሁሉንም መጠየቅ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ልጆቹ ሲሠሩ በመደዳዎቹ መካከል እያለፉ በቀን አራት ወይም አምስት ደብተር ብቻ ማየት፣ ሌላ ቀን ሌላ። ከትምህርቱ መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት አሠርቶ ሰብስቦ ማታ በመልሱ ዓይነት መደርደር፤ 44 ያሉት አንድ ላይ፣ 46 ያሉት አንድ ላይ። ስልሳ ወረቀት ቢሆንም ክምሩ ጥቂት ነው። በማግስቱ ሁለቱን የተሳሳቱ መልሶች ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ጽፎ "ይህን ያገኘው ሰው እንዴት አስቦ ይሆን?" ብሎ ክፍሉን መጠየቅ ነው። ልጆች የሌላውን ስህተት ማደን ይወዳሉ፤ በዚያው የራሳቸውን ያገኙታል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ልጆቹን ቀኑን ሙሉ የሚያስተምራቸው አንድ መምህር በሆነባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ በአማርኛ ክፍለ ጊዜም ሒሳቡን ማስታወስ ይቻላል፤ ይህ የማይናቅ ዕድል ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። "እንዴት ሠራኸው?" ስትሉት ልጁ ወዲያው ላጲሱን ካነሣ፣ ጥያቄውን የምትጠይቁት ሲሳሳት ብቻ እንደሆነ ለምዷል ማለት ነው። ልክ የሠራውንም እንዲሁ ጠይቁት። መጀመሪያ ይደናገጣል፣ መልሱን ሊያጠፋም ይችላል፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይለምደዋል።

እኩል ይሆናል የሚለውን ምልክትም አንድ ቀን ፈትሹልኝ። 8 ሲደመር 4 እኩል ይሆናል ባዶ ሳጥን ሲደመር 5 ብላችሁ ጻፉ። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው 7 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ይህን የተጠየቁ 145 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ፤ 7 ያለ አንድም አልነበረም። አብዛኞቹ 12 አሉ፣ ሌሎቹ ሁሉንም ደምረው 17። ለነሱ ያ ምልክት "አሁን መልሱን ጻፍ" የሚል ትእዛዝ ነበር፤ ለዓመታት በዚያ መልክ ብቻ ስላዩት። በኋላ አልጀብራ ሲመጣ የሚያደናቅፋቸው ይኸው ነው።

ወላጆችንም ሳልጠራ አላልፍም። በተለይ በአሜሪካ የምትኖሩ አድማጮቻችን የልጆቻችሁን የቤት ሥራ ስታዩ ቁጥር በመስመር ላይ እየዘለለ፣ 27 ወደ 20 እና 7 እየተበተነ ሲደመር አይታችሁ "ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?" ያላችሁ ብዙ ናችሁ። በከፊል የእንዲህ ዓይነት ምርምር ውጤት ነው። የእናንተም የመበደር ዘዴ ልክ ነው፤ ልጁ ግን በሁለቱ መካከል እንዳይጨነቅ መጀመሪያ የሱን እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። ልጅ አባቱን ሒሳብ ሲያስተምር ማየት ደግሞ ለብቻው ደስ ይላል።

በሚቀጥለው ሳምንት ለማንሣት የሚረዳን አንድ ጥያቄ ልስጣችሁና እንሰነባበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አገር አቀፍ ፈተና የ13 ዓመት ልጆች እንዲህ ተጠይቀው ነበር፦ አንድ የጦር አውቶቡስ 36 ወታደር ይጭናል፤ 1128 ወታደሮችን ለመጫን ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? ከመቶ 29 ያህሉ "31 ቀሪ 12" ብለው መለሱ። ትክክለኛውን 32 ያሉት ከመቶ 23 ነበሩ። እኛ ለልጆቻችን እንዲህ እናድርገው፦ አንድ ሚኒባስ ታክሲ 12 ሰው ይይዛል። 40 ተማሪዎችን ለመውሰድ ስንት ታክሲ ያስፈልጋል?

"3 ቀሪ 4" የሚል ታገኛላችሁ። "4" የሚልም አለ። "ረዳቱ አራቱን በትርፍ ስለሚጭናቸው 3 ይበቃል" የሚል የከተማ ልጅም አይጠፋም፤ እሱን ምን ብላችሁ እንደምትመልሱለት አስቡበት። ልጆቹ ያሉትን እንዳለ፣ ሳታርሙትም ሳታሳምሩትም ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናነባቸዋለን። ደኅና ሰንብቱ።